ከአውሮፕላን የተረፈው የጎታ ክዳን

ልጄ ናሆም ባለፈው ነሐሴ ሞተ። ስድስት ዓመቱ ነበር።

ይህን አስቀድሜ የነገርኋችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ኋላ ስትደርሱበት እንዳትደነግጡ ነው። ወጌ ስለ አውሮፕላን ነው።

ሰው ለቆመ ነገር ብዙ ደንታ የለውም። መጠየቅ የሚጀምረው ሲወድቅ ነው። ዛፍ ሲወድቅ ሁሉም ከቦ «የምን ዛፍ ነበር?» ይላል፤ ቆሞ ሳለ ግን ዕድሜውን በሥሩ ሲመላለስ የኖረው ሁሉ አንድ ቀን ቀና ብሎ አላየውም። በሬም ገደል ሲገባ ነው የማን እንደነበረ፣ እንዴት ያርስ እንደነበረ የሚወራለት። ሰውማ አይነሣ። በቁሙ ሰላም የማይሉት ጎረቤቶቹ ለቅሶ ላይ ስለ ደግነቱ ሲያወሩ ቢሰማ፣ ሟቹ ራሱ ከሳጥኑ ቀና ብሎ «ስለ ማን ነው የምታወሩት?» ሳይል አይቀርም።

በዚህ ዓለም ላይ ደግሞ የወደቀ አውሮፕላን ፎቶ እያዩ ምን እንደነበረ የሚለዩ ሰዎች አሉ። ማንም አልቀጠራቸውም። ስልክ ላይ ይሰበሰቡና አንዱ የተጨማደደ ብረት ፎቶ ይለጥፋል፤ ሌሎቹ ይከቡታል። «ጅራቱ ነው» ይላል አንዱ። «የጎማው መሸፈኛ ነው እንጂ» ይላል ሌላው። የብረቱን ጉብጠት ያያሉ፣ የቀለሙን ርዝራዥ ያያሉ፣ ቆርቆሮን ከቆርቆሮ የሚያያይዙትን ጭንቅላታም ሪቬቶች እየቆጠሩ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ይለካሉ። አብልጠው የሚወዱት የጥንቶቹን የጦር አውሮፕላኖች ነው፤ እነዚያን ከእንጨት፣ ከሸራና ከስስ ብረት የተሠሩትን። ለቅሶ ቤት ይመስላል። የሚያለቅስ ግን የለም።

እኔም ገባሁበት። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ንፋስ መውጫ ላይ የብረት በርና መስኮት የምበይድ ሰው ከአውሮፕላን ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። እህል ነው ያገናኘን።

የአባቴ ቤት ከአርብ ገበያ ወዲያ፣ ወደ ስማዳ ቁልቁል በሚወርደው በኩል ነው። እዚያ ቤት ውስጥ ከመደቡ አጠገብ፣ ከጭቃና ከጭድ የተሠራ፣ ደረቴ ድረስ የሚደርስ የገብስ ጎታ አለ። የዚያ ጎታ ክዳን በጣሊያን ጊዜ ከወደቀ አውሮፕላን የተወሰደ ብረት ነው። አያቴ ነው አሉ ከገደል አውጥቶ በአህያ ጭኖ ያመጣው። ቤተሰቡ «ክንፉ» ይለዋል። «ክንፉን አንሡት»፣ «ክንፉን መልሱት» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ሌላው ሰው ጎታውን በእንጨት ሲከድን እኛ በክንፍ እንከድን ነበር። እንዲህ ያለ ኩራት የት ይገኛል?

ክንፉ ግን ቀዳዳ ነው። በመካከሉ ያሉት ሪቬቶች ረግፈው እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። ስለዚህ በየዓመቱ፣ አዲሱ ገብስ ከአውድማ ሲገባ፣ አባቴ ክዳኑን ደጅ አውጥቶ ግድግዳ ያስደግፈውና መካከሉን በእበትና በጭቃ ይመርገዋል። ምርጉ ጠፈፍ ሲል ጎታው ላይ ይጭነውና ዙሪያውን እንደገና ይመርጋል። ነቀዝ እንዳይገባ ነው። ከዚያ ክረምት ገብቶ ሌላው እህል እስኪያልቅ ጎታው አይነካም።

አምና ጥር ላይ ናሆምን ይዤው ሄድሁ። አያቱ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ በሬዎቹ ነው፤ ቦራንና ዳማን በስማቸው ካልጠራ እህል አይቀምስም። የዚያን ቀን ብረቱ ግድግዳ ተደግፎ አየና አያቱን ጠየቀ።

«ይሄስ ስሙ ማን ነው?»

«አውሮፕላን ነዋ፣ የኔ ጌታ።»

«አውሮፕላንማ ዘሩ ነው። በሬ እንደማለት። እኔ ስሙን ነው የምለው።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «በል መልስ። ከተማ የላክሁህ ለዚህ ጊዜ ነው» አለኝ። እንደማላውቅ ተናገርሁ። ናሆም «ታዲያ ጠይቅልኝ» አለ። «እሺ» አልሁ። ለልጅ እሺ ማለት ቀላል ነው።

አባቴ እርጡቡን ምርግ በመዳፉ ሲያለሰልስ ናሆም ቀኝ እጁን መካከሉ ላይ ጫን አደረገና አነሣ። አምስቱ ጣቶች ቀሩ። ትንሿ ጣት በደንብ አልታተመችም። አያቱ ሊቆጣ አፉን ከፈተና ተወው። እኔም ስልኬን አውጥቼ ልጄን ከብረቱ አጠገብ አቁሜ አነሣሁት። ፎቶው ላይ ቀኝ እጁን ከልብሱ አርቆ ወደ ላይ ይዞታል፤ ቆሽሾ ነበራ።

ነሐሴ ላይ አተኮሰው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሽሮፕ ሰጠችንና «ካልተሻለው ደብረ ታቦር ውሰዱት» አለች። መንገድ ተዘግቶ ነበር። መኪናም ባጃጅም የለም። አቅፌው ተቀመጥሁ። በሁለተኛው ቀን ሞተ። በምን እንደሞተ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

ለቅሶ የመጣው ሁሉ «ልጆች ናችሁ፣ እግዜር ይተካላችኋል» አለን። ክፋት የለውም፣ ባህላችን ነው። ለሕፃን ብዙ አይለቀስም። እኔ ግን ከብረት ጋር ስለምውል ነው መሰል፣ ስለ መለዋወጫ ዕቃ የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር። አባቴም መጥቶ ይህንኑ አለ። «ይተካል» አለ፣ ቆቡን እያሻሸ። ከዚያ ለብዙ ጊዜ ከእርሱ ጋር መነጋገር አስጠላኝ።

ኅዳር ላይ ያ «እሺ» ያልሁት ነገር ትዝ አለኝ። ለልጄ የቀረብኝ ሥራ እርሱ ብቻ ነበር። ፎቶውን እነዚያ ሰዎች ዘንድ ለጠፍሁት። «ስሙ ማን ነው?» ብዬ ጻፍሁ። ሌላ አልጻፍሁም።

በእንግሊዝኛ ነው የሚጽፉት፤ ስልኬ ይተረጉምልኛል። የመጀመሪያው መልስ «ልጁን ቆርጠህ አውጣው፣ ጠርዙን ሸፍኖታል» የሚል ነበር። ስልኩን ኪሴ ከትቼ ሁለት መስኮት በየድሁ። ስመለስ አንዱ «እጁን ያነሣው የወታደር ሰላምታ ነው?» ብሏል። ሌላው በብረቱ ላይ ያለው የእጅ ምስል የየትኛው የአየር ጦር ክፍል ዓርማ እንደሆነ ጠይቋል። በዚህ ጉዳይ ላይ ረጅም ክርክር ተደርጓል። አንደኛው እንደዚህ ያለ ዓርማ በየትም መዝገብ አላገኘሁም፣ አዲስ ግኝት ሊሆን ይችላል ብሎ ነበር። እበት መሆኑን ስነግራቸው ወደ ሪቬቶቹ ተመለሱ።

ከመካከላቸው አንዱ ግን አልተወኝም። እኔ ሪቬት ቆጣሪው እለዋለሁ። ትሑት ሰው ነው፤ ጥያቄውን ሁሉ በይቅርታ ይጀምራል። መጀመሪያ የነገረኝ፣ ክንፉ ክንፍ አለመሆኑን ነው። የዚያ ዘመን ክንፍ አብዛኛው ሸራ ስለነበረ ተቃጥሎ ወይም ተቀድዶ አልቋል፤ የአገሬ ሰው ለብሶትም ይሆናል። የእኛ ብረት የሞተር መሸፈኛ ነው። እነሆ፣ ቤተሰቤ ስንት ዘመን በክንፍ ሲኮራ የኖረው በክዳን ነበር። ክዳን ሆኖ መጣ፣ ክዳን ሆኖ ኖረ። ለውጥ የሚባለው እንዲህ ነው።

ቀጥሎ «ይቅርታ፣ መለኪያ ያስፈልገኛል። የልጁ ቁመት ስንት ነው?» አለ።

አውቀዋለሁ። ሳጥኑን ያሠራሁት እኔ ነኝ። ግን ያ የነሐሴ ቁመቱ ነው፤ ፎቶው የጥር ነው። ከጥር እስከ ነሐሴ ልጅ ያድጋል። ምን ያህል እንዳደገ አላውቅም። ከሳጥኑ ላይ ስንት ልቀንስ? እናቱን እንዳልጠይቃት ፎቶውንም ማየት አትችልም። ግምቴን ጻፍሁለት። «ይበቃል፣ አመሰግናለሁ» አለ። አየርና መሬት ያገናኘ ስሌት ሠርቶ በሁለት ዓይነት አውሮፕላኖች መካከል እንደቆመ ነገረኝ። አንደኛው ባለ አንድ ሞተር ሰላይ ነው። ሁለተኛው ባለ ሦስት ሞተር፣ ቦምብ ጣይ። «በትክክል እንድለየው ልጁን በሌላው በኩል አቁመህ እንደገና አንሣልኝ» አለ።

«ልጁ አሁን እዚህ የለም» አልሁት። አልዋሸሁም።

«ግድ የለም። ሲመጣ።»

በመካከሉ አንድ ነገር ነገረኝ፤ ሳልጠይቀው። የብረቱን የቃጠሎ ጠባሳ አጉልቶ አይቶ፣ አውሮፕላኑ የተቃጠለው መሬት ላይ ሳይሆን በአየር ላይ ሳለ ነው አለ። እንዴት አወቅህ አልሁት። መሬት ላይ የተነሣ እሳት ወደ ላይ ይሄዳል፣ ይህ ጠባሳ ግን ወደ ኋላ ተስቧል፤ ሞተሩ ሲነድ አውሮፕላኑ ገና እየበረረ ነበር አለ። ይህን ሁሉ ባላየው አገር፣ ባልኖረበት ዘመን፣ ከአንድ የጎታ ክዳን ፎቶ ላይ ነው ያነበበው። እናንተ ይህን ስትሰሙ ትደነቁ ይሆናል። እኔ ወጥቼ ከመበየጃ ቤቴ ኋላ ተቀመጥሁ። የእኔ ልጅ ጭኔ ላይ ነው የሞተው። ጠባሳ እንኳ አልነበረውም።

በመጨረሻ ሪቬት ቆጣሪው እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፤ «ይቅርታ፣ በደረቀው ጭቃ ጠርዝ ላይ የተቀረጸ ቁጥር መነሻ ይታየኛል። ቀሪው ከሥሩ ነው። ጭቃውን አጥበህ ፎቶ ከላክህልኝ ስሙን በዚያው ሰዓት እነግርሃለሁ።»

«ጭቃ» ያለው የናሆምን እጅ ነው።

ብዙ ቀን አልመለስሁለትም። ብረት እየቆረጥሁ አስባለሁ። እጁን ባጥብ ስሙን አገኛለሁ፣ እሺ ያልሁት ይፈጸማል። ባላጥብ እጁ ይቀራል፣ እኔ ዋሾ አባት ሆኜ እቀራለሁ። ደግሞም እጁ መኖሩንስ ማን አውቆ? ክረምት ጎታው ተከፍቶ ይሆናል፣ ክዳኑ ተጥሎ ዶሮ ቆሞበት ይሆናል፣ ዘንድሮም አባቴ በላዩ ሌላ እበት መርጎበት ይሆናል። «ይተካል» ካለ ሰው ምን ይጠበቃል? ለማንኛውም ሳይመርገው ልድረስ ብዬ ተነሣሁ።

አርብ ገበያ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ፎቶውን አውጥቼ እያየሁ ሳለ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ አንገታቸውን አስገብተው አዩ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የወደቀ አውሮፕላን ነው፣ አባቴ። የጣሊያን።»

«አሃ! እሱማ የኛ ነው። ስማዳ ላይ በአንድ ጥይት ነው የወረደ።»

ከኋላ የተቀመጠች የእስቴ በርበሬ ነጋዴ አላስጨረሰቻቸውም። «በአንድ ጥይት! እስቴ ላይ ተመቶ እያነከሰ መጥቶ እናንተ ጋ ወደቀ እንጂ። እናንተማ የሞተ ነው ያገኛችሁ።»

«አውሮፕላን ያነክሳል እንዴ፣ አንቺ?»

«ከተመታ ምን ያድርግ!»

«ሁለታችሁም ተዉት» አለ ረዳቱ፣ በሩን ይዞ እንደቆመ። «ጋይንት ላይ ነው የተመታ። ለስማዳ እንዲወድቅ ፈቀድንለት እንጂ።»

መኪናው በሙሉ ሳቀ። አንድ አውሮፕላን በሦስት ወረዳ ሦስት ጊዜ ሞተ። በራሱ ጊዜ ተቃጥሎም ሊሆን ይችላል ብዬ አልተናገርሁም፤ ወርጄ በእግሬ ልሄድ አልፈለግሁም። ነጋዴዋ ስልኬን ተቀበለችኝና ብረቱን ትታ ልጁን አየች።

«ልጁስ የማን ነው? ሲያምር!»

«የኔ ነው።»

«እግዜር ያሳድግልህ።»

«አሜን» አልሁ።

ከአርብ ገበያ በእግሬ ወረድሁ። ቤት ስደርስ አባቴ የለም። እናቴ ጉንጬን ስማ ውኃ ሰጠችኝ። ቤቱ ጠቧል። አዲሱ ገብስ በጆንያ ሆኖ መደቡ ላይ፣ በሩ ጥግ፣ አልጋው ሥር ሳይቀር ተከምሯል። ጎታው በቦታው ቆሟል። ክዳኑ ላዩ ላይ ነው። ዙሪያው እንደተመረገ ነው። በመካከሉ እጁ አለ። ደርቆ ነጣ ብሏል እንጂ ምንም አልሆነም።

«ገብሱን ምነው ጎታ ያላስገባችሁት?» አልኋት።

«ሙሉ ነዋ።»

«በምን?»

«በአምናው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አባትህን ጠይቀው። እኔ ደክሞኛል። ጎታ ሙሉ እህል አስቀምጦ ክረምቱን ከገበያ ገብስ ሲሸምት ያየ ሰው ሁሉ አበደ ነው ያለ። ጎረቤት ስቆብን ነው የከረመ።»

አንድ ጨርቅ ውኃ ውስጥ ነክሬ መደቡ ላይ ወጥቼ ስቆም አባቴ ገባ። ዱላውን በሩ ላይ አስደገፈ። እጄን አየ፣ ጨርቁን አየ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ላጥበው ነው፣ አባዬ። ከሥሩ ቁጥር አለው። ስሙን የሚያውቅ ሰው አግኝቻለሁ።»

አባቴ በጆንያው ላይ ተቀመጠ። ከጨርቁ የሚንጠባጠበው ውኃ መደቡን ያርሳል።

«ለምን አልከፈቱትም?» አልሁት።

«አልከፈትሁትማ።»

«ነቀዝ ይበላዋል እኮ።»

«ይብላው።»

«እርስዎ አይደሉ እንዴ ይተካል ያሉን?»

ቆቡን አወለቀ። «ሰው ፊት ምን ልበል?» አለ። «አያቱ ነኝ። ካንተ ከአባቱ በልጬ እዚያ ድንኳን ውስጥ ላልቅስ?» ከዚያ «ልጁ ምን እንዳለኝ ረሳኸው? እዚያው ቆመህ አልነበር?» አለኝ።

አልረሳሁትም። የማስታውሰው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

«ስሙን ካወቅህለት እጠበው» አለ አባቴ። «እኔ አልከለክልህም። ቃሉን የሰጠኸው አንተ ነህ።»

ጨርቁን ይዤ ቆምሁ። ስሙን ሳገኝ ምን እንደምሆን አሰብሁ። የሠሪው ስምና አንድ ቁጥር ነው የሚሆነው፤ እንደ ቦራና እንደ ዳማ ያለ አይደለም። ይዤው የት እሄዳለሁ? የሚጠይቀኝ የለም። ጨርቁን ጨምቄ ደጅ አሰጣሁት። እናቴ አንድ ጆንያ ገፋ አድርጋ የምቀመጥበት ቦታ አበጀችልኝ። ስለ በሬዎቹ አወራን።

በማግስቱ ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥቼ ለሪቬት ቆጣሪው ጻፍሁ። «አጠብሁት። ቁጥሩ በዝገት ጠፍቷል» አልሁ። የአውሮፕላን ብረት አሉሚኒየም ስለሆነ እንደማይዝግ የምበይድ ሰው ነኝና አውቃለሁ። እርሱም ያውቃል። ሁለታችንም ይህን አላነሣነውም።

«ይቅርታ» አለ። «እንግዲያው ‹ያልታወቀ› ብዬ ልመዝግበው?»

«መዝግበው።»

«ለልጁ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ጥሩ መለኪያ ሆኖልኛል።»

ገብሱ እስከ አሁን እዚያው ነው። ነቀዙ ሳይጀምረው አይቀርም፤ ጆሮዬን ጎታው ላይ ጣል አድርጌ ነበር። አባቴ ሌላ ጎታ ሊሠራ ጭቃ እያቦካ ነው። ጎረቤቶቹ አሁንም ይስቃሉ። ይሳቁ።

ያን የጥር ዕለት፣ ክዳኑ ጎታው ላይ ከተጫነ በኋላ፣ ናሆም መደቡ ላይ ቆሞ ዙሪያውን አብሮን መረገ። ከጎታው ይልቅ ራሱን ነው የመረገ። ሲጨርስ አያቱን «አባዬ ስሙን እስኪነግረኝ ማንም እንዳይከፍተው፣ እሺ?» አለው። አባቴ «እሺ ጌታዬ» አለ። እኔ «ና እጅህን ታጠብ» አልሁት። «እሺ» አለ። መደቡ ላይ ተቀምጬ ነበር። አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ፣ እጁን በሸሚዜ ጠረገ፣ እላዬ ላይ ተኛ።